ቅርጫት የሚዘገይበት አገር

ይህ አገር የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። የኖረበት አይጠይቅም፤ ያልኖረበትም ቢነገረው አያምንም። ገደላማ መሆኑን ግን ልንገራችሁ። ቤቶቹ በየአፋፉና በየጉብታው ተበታትነው ነው የቆሙት። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል፣ ዳገቱም ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች ከቤት ቤት ገመድ ዘረጉ፤ በገመዱም ላይ ቅርጫት አንጠለጠሉ።

በቅርጫቱ የሚሄደው እህል እንዳይመስላችሁ። የሚሄደው ጽሑፍ ነው። እዚያ አገር ሁሉን የሚያውቅ ቤት የለም። የመድኃኒት ቤት ስለ ቅጠልና ስለ ሥር የተጻፈውን ይጠብቃል፤ የወሰን ቤት የማን እርሻ የት እንደሚያልቅ፤ የዘር ቤት ምን መቼ እንደሚዘራ። አንዱ የሌላውን ሲፈልግ ጥያቄውን በቅርጫት ይልካል፤ ያኛውም ገልብጦ ቅጂውን ይመልስለታል። እንዲህ ተካፍለን ነበር የምንኖረው። እኔ ራሴ የወሰን ቤት ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድንበር ስገለብጥ ኖሬያለሁ።

ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙት መሃል ላይ ባለች ረጅም ግንብ ነው። ማዞሪያ ቤት ትባላለች። ውስጧ የሚሠሩት አዟሪዎች ከየቤቱ የመጣውን ቅርጫት ተቀብለው ወደሚሄድበት ገመድ ያዞሩታል፤ እኛ የምናውቀው ሥራቸው ይኸው ነው። የግንቧ አናት በጋ ከክረምት ደመና ውስጥ ነው። ከደመናው በላይ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ አለ። ከዚያ ወደ ግንቧ አናት የሚወርድ አንድ ገመድ እንዳለ ሁላችንም እንሰማለን፤ የትእዛዝ ገመድ ይባላል። በዓይኑ ያየው ግን የለም። ትእዛዝ ይወርድበታል፣ ወደ ላይ የሚወጣበት ነገር የለም ተብለን ነው ያደግነው፤ ማን እንዳለን እንኳ አላስታውስም።

ልጅ ሳለሁ ጥያቄ ልከን የምሳው ወጥ ሳይበርድ መልሱ ከተፍ ይል ነበር። ኋላ ላይ መዘግየት ጀመረ። በመጀመሪያ በሳቅ ነው የያዝነው። አንድ ገበሬ መቼ ልዝራ ብሎ ጠይቆ መልሱ ሲደርሰው ጎረቤቶቹ አጭደው ጨርሰው ነበር፤ ሰዉ ይህን እየተቀባበለ ሲቀልድበት ከረመ። ከዚያ የእትዬ ደብሪቱ ልጅ በምጥ ተያዘች።

እትዬ ደብሪቱ የዘር ቤት አለቃ ናቸው። ልጃቸው ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ሲል፣ ምን ይሰጣት ብለው ወደ መድኃኒት ቤት ላኩ። በእግር ሰው አይላክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከቤት ቤት በእግር መሄድ ነውር ሆኖ ነበር፤ በገመድ የማይልክ የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። የመድኃኒት ቤት ሰዎች ጥያቄው እጃቸው እንደገባ መልሱን ጽፈው ሰደዱ፤ በእነሱ በኩል ጥፋት አልነበረም። መልሱ የዘር ቤት ደጃፍ የደረሰው ልጅቷ ተቀብራ አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። እትዬ ደብሪቱ ጽሑፉን አንብበው፣ አጣጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። መድኃኒቱ በገዛ ጓሯቸው የሚበቅል ቅጠል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በመዘግየቱ የሳቀ ሰው አላየሁም።

ነገሩ ቤተ መንግሥቱንም አሳስቦታል፤ አላሳሰበውም ብል ውሸት ይሆንብኛል። እንዲያውም በመዘግየቱ ከሁላችን ይልቅ የሚቆጡት ንጉሡ ናቸው ይባል ነበር፤ የእሳቸውም ትእዛዝ ይዘገያልና። በዓሉን በደስታ አክብሩ የሚለው ትእዛዝ የሚደርሰን በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ እኛም በታዘዝነው መሠረት እንደገና እናከብራለን፣ በድጋሚ እንደሰታለን።

ስለዚህ የመዘግየት አዛዥ የሚባል ሹም ተሾመ። ይህ ሰው የመዘግየቱን ልክ ለማወቅ በየማለዳው ለየቤቱ ቅርጫት ይልካል፤ ትናንት ዘግይቶባችኋል ወይ ብሎ። ቤቱ ሁሉ አልዘገየብንም ብሎ በቅርጫት ይመልሳል፤ ዘግይቶብናል ያለ ቤት ምስክር ሆኖ ይጠራልና። ትንሽ ቆይቶ የመዘግየት አዛዡን ቅርጫቶች የሚቆጣጠር ሌላ ሹም ተሾመ። እሱም መላክ ጀመረ። ከሁሉም በላይ ሊቀ ገመድ የሚባሉ ጌታ ነበሩ፤ ነጭ ካባ ደርበው፣ የተገመደ ሐር ታጥቀው የሚሄዱ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ዝቅ ነው የሚያደርጉት። ዝቅ ባደረጉ ቁጥር እኛ እንቅርብ እንደሆነ እንሽሽ እንደሆነ ይጠፋናል።

ሕጉ አጭር ነው። መዘግየት ካለ አዘግዪ አለ፤ አዘግዪው ሲገኝ ይወርዳል። ይወርዳል ማለት በትልቁ ቅርጫት ተደርጎ ጭጋግ ወደሞላው ገደል ይለቀቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስሙ አይጠራም። ሚስቱ ሐዘን አትቀመጥም፣ ጎረቤትም እግዜር ያጥናሽ አይላትም። ፍርሃት ይለመዳል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይለመዳል፤ ግን አይቀንስም።

አሁን ወደ ፍተሻው ልምጣ፤ የዚያ አገር ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት እዚህ ላይ ነው ያለው። ሊቀ ገመድ በየወቅቱ የፍተሻ ቀን ያውጃሉ፣ በዕለቱም መለከት ይነፋል። ሕጉ መለከት ሲነፋ ገመዱ ይፈተሽ ይላል እንጂ ሥራ ይቁም አይልም። እኛ ግን መለከቱን ስንሰማ እጃችን ይሰበሰባል። በፍተሻው ሰዓት የእኔ ቅርጫት ተገኝታ መንገድ ዘጋች ብባልስ? ስለዚህ ማንም ምንም አይልክም፤ የመዘግየት አዛዡ እንኳ አይልክም። አገሩ በሙሉ ቅርጫቱን ታቅፎ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። በዚያ ባዶ ገመድ ላይ ገመድ የምትፈትሸው መርማሪ አንዲት ቅርጫት ትለቃለች፤ ቅርጫቷም ልክ እንደ ልጅነቴ ዘመን ከቤት ቤት ትበራለች። መርማሪዋ ገመዱ ጤነኛ ነው ብላ ትናገራለች። እውነቷን ነው። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ የታመመው ሰው ነው ይላሉ ሊቀ ገመድ፤ ያ ሰው ይመረጥና ይወርዳል። በማግስቱ ሁላችንም ያቆየነውን ባንድ ጊዜ እንልካለን፣ መዘግየቱም ካለፈው ይብሳል።

መርማሪዋ ስንዱ ትባላለች። ገመድ በጣቷ ዳብሳ የቱ ጋ እንደላላ የምታውቅ፣ ቃሏን የማታጥፍ፣ ትንሽ ግትር ሴት ናት። ከእሷ በፊት የነበረው መርማሪ ሰው እንዳይወርድ ብሎ ገመዱ ታሟል አለ፤ ገመድ ገማጆቹ ወረዱ፣ እሱም ለምን ቀድመህ አልተናገርክም ተብሎ አብሯቸው ወረደ። ስንዱ ያየችውን ብቻ ነበር የምትናገረው። በተናገረች ቁጥር ግን አንድ ሰው ይጠፋል። ከፍተሻ በኋላ ለብዙ ቀን ሰው አታናግርም፤ ስትሄድ ያያት ሁሉ መንገድ ይለቅላታል፣ ከአክብሮት ይሁን ከፍርሃት እኛም አናውቀውም።

ባሏ አብተው በማዞሪያ ቤት አዟሪ ነው። ሲበዛ ዝምተኛ ነው፤ ሚስቱ ስለ ሥራው ስትጠይቀው «እጄን ደክሞኛል» ብሎ ነገር ይለውጣል። ልጅ የላቸውም። እሷ ስትቆጣ እሱ ይስቃል፣ እሱ ሲተክዝ እሷ ትቀልዳለች፤ እንዲህ ተደጋግፈው ነው የኖሩት።

መውረድ በየቤቱ በተራ ይዞር ነበር። ተራ አለ ብሎ የተናገረ የለም፤ ሁላችንም ግን በልባችን እንከታተል ነበር። ከመድኃኒት ቤት ወርዷል፣ ከዘር ቤት ወርዷል፣ ከእኛም ቤት አጎቴ ውበቱ ወርዷል፤ ይኸው ስሙን ጠራሁት። የቀረችው ማዞሪያ ቤት ነበረች። አዲስ ፍተሻ በታወጀ ማግስት ትልቁን ቅርጫት የሚሠራው ሰፊ እነስንዱ ቤት መጣና፣ አብተው ቆሞ ቁመቱን፣ ተቀምጦ ደግሞ የትከሻውን ስፋት ለካ። ለሥራ ልብስ ነው አላቸው። ቅርጫት ሰፊ ልብስ እንደማይሰፋ ሦስቱም ያውቃሉ። ስንዱ የቀረበውን ውኃ እንዲጠጣ ለመነችው፤ እሱም ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

እንግዲህ የስንዱን መከራ አስቡት። መለከት ሲነፋ ገመዱ ጤነኛ ነው ካለች በገዛ አፏ ባሏን ታወርዳለች። ታሟል ካለች ገማጆቹም እሷም ይወርዳሉ፣ እሱም አይተርፍም። ዝም ማለት ደግሞ ለመርማሪ አልተፈቀደም። በመጨረሻ ማንም መርማሪ ያላደረገውን፣ በሕግም የተከለከለውን አደረገች፤ መለከት ሳይነፋ ፈተሸች።

በአዘቦት ቀን ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ሥራ ላይ ሳለ፣ በቅርጫቷ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አስራ ወደ መድኃኒት ቤት ላከች። ከቤቷ እስከ ግንቧ ያለውን መንገድ ቆማ ተመለከተች፤ ቅርጫቷ ሳትንገጫገጭ ሄዳ በመስኮት ገባች። ገመዱ ደህና ነው፣ መዘውሩም ደህና ነው። ቀጥላ ወደ መድኃኒት ቤት በሚወጣው ገመድ በኩል ዞራ ጠበቀች። ቅርጫቷ አልወጣችም። ፀሐይ ከራሷ በላይ አልፋ ወደ ምዕራብ አዘነበለች፤ አልወጣችም። በማግስቱም ተመልሳ እዚያው ቆማ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ቅርጫቷ ቀይ ክሯን ይዛ ብቅ አለችና ዓይን እስኪያጣት በርራ ሄደች። ከግንቧ ወዲህም ከግንቧ ወዲያም መዘግየት የለም። ያለው ግንቧ ውስጥ ነው። ግንቧ ውስጥ ያለው ደግሞ አብተው ነው።

ይህን ስታውቅ ከመውረዱ የባሰ ሐሳብ መጣባት። እውነት እሱ ቢሆንስ? ሊቀ ገመድ ሳያውቁ እውነት ተናግረው ቢሆንስ? ከባሏ ጋር ራት ቀርባ እጆቹን ስታይ አመሸች።

መዘውር ላይ ቅባት ላድርግ ብላ ወደ ግንቧ የገባችው በነጋታው ነው። ለዚህ እንኳ ፈቃድ ነበራት። አዟሪዎቹ ወደሚቆሙበት ክፍል ስትደርስ አብተው ከዘር ቤት የመጣ ቅርጫት ሲቀበል አየችው። ወደ የትኛውም ገመድ አላዞረውም። ለደረጃው ሰው አቀበለው። የደረጃው ሰው ተሸክሞት ወጣ። ስንዱ ተከትላ ሄደች፤ ያየ አልከለከላትም፤ የሚያስቆማት ሰው እዚያ ቆሞ ምን ይሠራ ነበር ተብሎ ይጠየቃልና። በግንቧ አናት ደመናው በመስኮት ይገባል። በዚያ ጭጋግ መሃል የትእዛዝ ገመድ ነበር፤ ቅርጫቶቹም ተራ ይዘው አንድ በአንድ እየተሰቀሉበት ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ገመዱ አንድ ብቻ ነው። የሚወጣው እስኪያልፍ የሚወርደው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚወርደው ሲመጣ ደግሞ የሚወጣው ይቆማል።

ዞር ስትል አብተው ከኋላዋ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አላየሽም» አላት በሹክሹክታ።

«ሁሉም ነው የሚወጣው?»

«ሁሉም። የዘሩም፣ የድንበሩም፣ ልጄን ማን ልበላት የሚለውም። ላይ ታይቶ ካልተመለሰ ለማንም አይሰጥም።»

«የሚያነበው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። አንዳንዱ ቋጠሮው ሳይፈታ ይመለሳል። አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም።»

ስለ እትዬ ደብሪቱ ቅርጫት ጠየቀችው። በእጁ እንዳለፈ፣ የሴትየዋን ጽሕፈት አውቆ የደረጃውን ሰው ቶሎ በል ብሎ እንደለመነው፣ ቅርጫቱ ግን ላይ ከርሞ እንደተመለሰ ነገራት። ለምን እንዳልነገራት ስትጠይቀው ዓይኑን ከእሷ አነሣ።

«ሥራ ስገባ ያስማሉኝ በአንቺ ስም ነው» አለ። «እኔ ከተናገርኩ የምትወርጂው አንቺ ነሽ።»

እዚያ ያለው አዟሪ ሁሉ በሚወደው ሰው ስም የማለ ነበር። ስንዱ ባሏን ስለ ጠረጠረችው አፈረች፤ ደረጃው ላይም ተቀመጠች። አሁን የምታውቀውን ብትናገር መሐላው ተጣሰ ተብሎ እሷ ትወርዳለች፣ ባትናገር እሱ ይወርዳል። አብተው እንዳትናገር በሕይወቱ ለመናት። እሷም አልናገርም አለችው። ቃሏንም ጠበቀች፤ ስለ ትእዛዝ ገመዱ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ያደረገችው ሌላ ነገር ነው። ነውሩን ችላ በእግሯ ከቤት ቤት ዞረች። ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ወጥታ በየደጁ አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች፤ መለከት ሲነፋ እንደ አዘቦቱ ቀን ላኩ፣ ፍተሻው በባዶ ገመድ አይሁን ትላለች። ሰዉ እንደታመመች አድርጎ አያት። የእኛ ቤት አለቃ ሳታበቃ በሩን ዘጋባት፤ እኔም ከበሩ ኋላ ቆሜ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። ከፍቼ ልጥራት አላልኩም፤ ያለችውንም የማደርግ አልመሰለኝም።

ያስገቧት እትዬ ደብሪቱ ብቻ ናቸው። ወንበር ሰጧት፤ ውኃ አቀረቡላት።

«ብልክ ባልሽ ይድናል?» አሏት።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«የልጄን መድኃኒት ያዘገየባት እሱ ነው ይባላል። እሱ ነው?»

ስንዱ ዋሽታ አታውቅም፤ እውነቱን መናገር ደግሞ አትችልም።

«በእጁ አልፏል» አለች በመጨረሻ። «ያቆየው ግን እሱ አይደለም።»

እትዬ ደብሪቱ ሌላ አልጠየቁም። እስከ ደጅ ሸኟት፤ እልካለሁም አልልክምም አላሉም።

የፍተሻው ቀን ደረሰ። ከየቤቱ አንድ ሰው በገደሉ አፋፍ ወዳለው አደባባይ ይመጣል፤ የቀረው በየገመዱ ራስ ይቆያል። ከእኛ ቤት የተላክሁት እኔ ነበርሁ። አብተው ከማዞሪያ ቤት ተጠርቶ፣ በልኩ በተሠራው ቅርጫት አጠገብ ቆሟል። ሊቀ ገመድ መጡ። መለከቱ ተነፋ። አገሩ እንደ ልማዱ ጸጥ አለ፤ አንድም ቅርጫት አይንቀሳቀስም። ስንዱ የፍተሻ ቅርጫቷን ለቀቀች።

ያን ጊዜ ከዘር ቤት አንድ ቅርጫት ወጣ። ተከትሎት ሌላ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። እትዬ ደብሪቱ አጠገቤ ቆመዋል፣ ቀና ብለው አላዩም። የመዘግየት አዛዡ ደነገጠ፤ ደንግጦም የለመደውን አደረገ። የላከው ማን ነው የሚል ቅርጫት ለየቤቱ ሰደደ። ቤቱ ሁሉ ደግሞ ጥያቄው እስኪደርሰው ሳይጠብቅ እኛ አይደለንም ብሎ በቅርጫት ላከ። የአዛዡ ተቆጣጣሪ በመለከት ሰዓት ለምን ላክህ ብሎ ለአዛዡ ላከ። አንዱ ቤት የጎረቤቱን ቅርጫት አይቶ እከሰሳለሁ ብሎ የምስክርነት ቃሉን ላከ። ከዘር ቤት በቀር በድፍረት የላከ ያለ አይመስለኝም፤ ሌላው በፍርሃት ነው የላከው። ሰማዩ በቅርጫት ተሸፈነ፤ ሁሉም ወደ ማዞሪያ ቤት ገባ፤ አዟሪዎቹም መሐላቸውን ፈርተው ሁሉንም ወደ ላይ ሰቀሉት።

የትእዛዝ ገመድ ይህን ያህል ተሸክሞ አያውቅም። መርገብ ጀመረ። እየረገበ፣ እየረገበ ከደመናው ወጥቶ ከአደባባዩ በላይ ታየ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የሁላችንም ቅርጫት ተደርድሮበት ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ የዘር ቤት ምልክት ያለበት፣ የመድኃኒት ቤት ምልክት ያለበት፣ የእኛም። ሰዉ አይቶ ወዲያው አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርሁ። እግሬ ሥር ያለውን ጠጠር ዛሬ ባገኘው እለየዋለሁ።

ሊቀ ገመድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመርማሪዋን ቃል ጠየቁ።

«ገመዱ ጤነኛ ነው» አለች ስንዱ። «የተሸከመውን ጌታዬም እያዩት ነው።»

ሊቀ ገመድ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ሲደርቅ አየሁ፤ እሳቸውም ይፈራሉ ማለት ነው።

«እኔ የማየው ደመና ነው» አሉ። ከዚያ አብተውን ወደ ቅርጫቱ አስገቡት።

ሰው ሲወርድ እንዴት እንደሚደረግ አልነገርኋችሁም። የትልቁን ቅርጫት ገመድ ከየቤቱ የመጣው ሰው አንድ ላይ ይይዘዋል። ቅርጫቱን ከአፋፉ በታች ጥቂት አውርደን እናቆማለን። ከዚያ የንጉሡ ትእዛዝ ቀይ ጨርቅ በለበሰች ትንሽ ቅርጫት ይወርዳል፤ ሊቀ ገመድ ያነቡታል፤ ሁላችንም ባንድ ጊዜ እጃችንን እንከፍታለን። ሁላችንም ስለምንከፍት ማንም አልገደለም ይባላል። ትእዛዙ በእጅ ሳይገባ ግን እጅ አይከፈትም፤ ሊቀ ገመድም ክፈቱ ማለት አይችሉም።

አብተው ከአፋፉ በታች ተንጠለጠለ። ያዝነው፤ ክብደቱ መዳፋችን ውስጥ ገባ። ስንዱ መያዝ አልተፈቀደላትም፤ አፋፉ ላይ ተንበርክካ ወደ ታች ታየዋለች። እሱ ወደ ላይ እያየ አንድ ነገር ሲላት ሰማሁ፤ «ቤት ግቢ፣ ብርድ ነው» አላት።

ትንሿ ቀይ ቅርጫት ከደመናው ብቅ አለች። ወረደች፣ ወረደች፣ ከሚወጡት ቅርጫቶች ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኝታ ከራሳችን በላይ ቆመች። ማለፊያ የለም። የሚወጡትን ከታች ሌሎች ይገፏቸዋል፣ እሷን ከላይ ትእዛዝ ይገፋታል። ነፋስ ያወዛውዛታል። ረጅም ዘንግ ያለው ሰው ሊደርስባት ይችል ነበር። ነገር ግን ሊቀ ገመድ እዚያ ደመና እንጂ ገመድ የለም ብለዋል፤ በሌለ ገመድ ላይ ያለን ቅርጫት አምጡ ማለት አይቻላቸውም። እኛም አናያትም። እሷ ውስጥ ያለውን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ቆምን። ክንዴ መቃጠል ጀመረ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ያለቅሳል፤ ከድካም ይሁን ከሌላ ነገር አላውቅም። አንዳችን ብንለቅ የቀረነው አንችለውም። ስንዱ ከአፋፉ ዘወር ብላ እጆቻችንን አንድ በአንድ አየች። እግዜር ያን አስተያየቷን ደግሞ እንዳያሳየኝ እጸልያለሁ፤ አሁንም በሕልሜ ይመጣብኛል። መለመን እንኳ ፈርታ ነበር።

«እጄ ዝሏል» አሉ እትዬ ደብሪቱ ቀስ ብለው። «ትእዛዙ እስኪደርስ እናውጣውና ተቀምጠን እንጠብቅ።»

ሕጉ ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም፤ ይህን የጠየቀ ሰው ኖሮ አያውቅምና። እሳቸው መልስ ሳይጠብቁ መጎተት ጀመሩ። አሮጊት ናቸው፤ ብቻቸውን አይሆንላቸውም። ገመዱ በመዳፌ ውስጥ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ወይ መጎተት ነበረብኝ ወይ መልቀቅ። ጎተትሁ። ሌሎቹም ጎተቱ። አብተው አፋፉ ላይ ሲደርስ ስንዱ በልብሱ ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችውና መሬት ላይ ወደቁ። እትዬ ደብሪቱ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ወደ አብተው ግን አላዩም።

ሊቀ ገመድ ካባቸውን አስተካከሉ። «እስኪደርስ ብቻ» አሉ።

ትእዛዙ እስካሁን አልደረሰም። ትንሿ ቀይ ቅርጫት ያኔ በቆመችበት ተንጠልጥላለች፤ ከሥሯም የሁላችን ቅርጫት ተሰልፎ ቀርቷል። ሊቀ ገመድ በየቀኑ መጥተው ሌላ ሌላውን እያዩ ይቆማሉ። ገመድ ስለማይሠራ ሰዉ በእግሩ መሄድ ጀምሯል፤ የመድኃኒት ቤት ሰው ደጃችን ድረስ መጥቶ ሲጠራ አሁንም እንደነግጣለን። አብተውና ስንዱ ቤታቸው አሉ። እሱ የእትዬ ደብሪቱን ጓሮ ይኮተኩታል፤ እሳቸው አይከለክሉትም፣ አያናግሩትምም። ነፋስ ሲነሣ ያ ገመድ ይንቋቋል፤ በአደባባዩ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ስንዱ ብቻ ሥራዋን ጥላ ወጥታ ቀና ብላ ገመዱን ትመለከታለች። ገመድ አዋቂ ናትና እስከ መቼ እንደሚይዝ ሳታውቅ አትቀርም። ጠይቀናት ግን አናውቅም።